ልጅሽ ተጠጋግቷል፣ ዕቃው ተመችቶታል

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

ልጅሽ ከናፍቆትሽና ከዕቃ ብዛት በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነው። ምራትሽም ደህና ናት። የልጅ ልጆችሽም ደህና ናቸው፤ በዓይን ባይታዩም ከመጫወቻው ክምር ጀርባ ድምፃቸው ይሰማል።

ባለፈው በስልክ «የፈረንጅ ቤት ንጹሕ ነው አሉ፣ እውነት ነው?» ብለሽ የጠየቅሽው በሁለት ቃል የሚመለስ አልሆነም። ንጹሕ ነው። ወለሉ ላይ አቧራ አታገኚም። የሚያስቸግረው ወለሉን ማግኘቱ ነው።

ይህን የሚለው ልጅሽ ብቻ አይደለም። የሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ2001 እስከ 2005 (ዓመቱ ሁሉ የፈረንጅ ነው) ባልም ሚስትም ሥራ የሚውሉባቸውን 32 ቤተሰቦች ቤታቸው ድረስ ሄደው አጥንተዋል። ከአጥኚዎቹ መሐል የጥንት ሰው ቤት ቆፍሮ የሸክላ ስብርባሪ መቁጠር የለመዱ የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ነበሩ፤ እዚህ መቆፈር እንኳ አላስፈለጋቸውም። በመጀመሪያው ቤት ሳሎኑና ሁለት መኝታ ቤቶች ውስጥ ብቻ 2,260 ዕቃ ቆጠሩ፤ ያውም በዓይን የሚታየውን እንጂ ሣጥንና መሳቢያ ሳይከፍቱ። የፍሪጅ በር ላይ በአማካይ 52 ነገር ተለጥፎ ተገኘ። ከአራት ጋራዥ ሦስቱ መኪና አያስገቡም። መኪናው ደጅ ያድራል፤ እግሩ የተሰበረው ወንበር ጋራዥ ውስጥ በክብር ይተኛል።

በ2010 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ከባለትዳሮች ምራቅ እየወሰደ ኮርቲሶል የሚባለውን የጭንቀት ሆርሞን ለካ። ቤታቸውን ሲያስጎበኙ ስለ ዝርክርክነቱና ስላላለቀው ሥራ ያወሩ ሚስቶች፣ ሆርሞናቸው ወደ ማታ እንደ ወጉ አይወርድም። በባሎች ላይ ግን ይህ እምብዛም አልታየም። ምራትሽ ይህን ካነበበች ወዲህ ልጅሽ ሶፋ ላይ ጋደም ባለ ቁጥር በጥርጣሬ ታየዋለች።

ጋራዡ ሲሞላ መፍትሔው መጣል እንዳይመስልሽ። ለዕቃ የሚከራይ ቤት አለ፤ ስቶሬጅ ይባላል። 10 ጫማ በ10 ጫማ የሆነው ክፍል ቀድሞ ከጓሮ ለተማሪ ታከራዪው የነበረውን ሰርቪስ ቤት ያህላል፤ ኪራዩም ብዙ ቦታ በወር ከ100 ዶላር ያልፋል። ተከራዩ አሮጌ ሶፋ ነው። ቡና አይጠጣም፣ ውኃ አይቆጥርም፣ ማታ አያመሽም፤ ለአከራይ የእሱን ያህል ጸባየኛ አይገኝም።

ዕቃ ማደራጃ ብቻ የሚሸጥ ሱቅም አለ። ኮንቴይነር ስቶር ይባላል፤ በ1978 ዳላስ ውስጥ ተከፈተ፤ ቅርጫት፣ ክዳን ያለው ሣጥን፣ መደርደሪያ፣ የመሳቢያ ክፍልፋይ ይሸጣል። ሰው ዕቃ ሲበዛበት ዕቃውን የሚያስቀምጥበት ሌላ ዕቃ ይገዛል ማለት ነው። በ2024 መጨረሻ ላይ ኩባንያው ራሱ ዕዳው በዝቶበት በፍርድ ቤት የኪሳራ ከለላ ጠየቀ። ለዕዳ የሚሆን ሣጥን አልተሠራም።

የዕቃ ነገር ሲነሳ እዚህ በመጀመሪያ የሚጠራው ስም የጃፓኗ ማሪ ኮንዶ ነው። መጽሐፏ በ2010 መጨረሻ ጃፓን ውስጥ ወጣ፤ በ2014 በእንግሊዝኛ ታተመ፤ በ2019 ጥር መባቻ የቴሌቪዥን ተከታታይ ሆኖ ኔትፍሊክስ ላይ ቀረበ። ሥርዓቷ ክፍል በክፍል አይሄድም። ቤት ውስጥ ያለው ልብስ በሙሉ አንድ ቦታ ይከመራል፤ ከዚያ መጻሕፍት፣ ከዚያ ወረቀት፣ ከዚያ ልዩ ልዩው፣ በመጨረሻ የትዝታ ዕቃ። እያንዳንዱ በእጅ ተይዞ ደስታ መስጠቱ ይጠየቃል። ካልሰጠ ተመስግኖ ይሸኛል፤ የምስጋና ወረቀት ሰጥቶ ጡረታ እንደሚያወጣ መሥሪያ ቤት።

ምራትሽ ሞከረችው። ልብሱ አልጋው ላይ ተከመረና አልጋው ጠፋ። ሥርዓቱ የተሰናከለው ግን በብዛቱ አይደለም። አበሻ ጃኬት በእጁ ሲይዝ ስለ ራሱ ደስታ አያስብም፤ «ይሄ ለአክስቴ ልጅ ልክ ነው» ነው የሚለው። ስለዚህ የማይለበሰው ሁሉ አልተጣለም፤ ወደ አገር ቤት ሻንጣ ገባ። እዚህ ሻንጣ የሌለበት የአበሻ ቤት የለም፤ አፉን ከፍቶ ጥግ ላይ አገር ቤት የሚሄድ ሰው ይጠብቃል። ሂያጁ ደግሞ የራሱ ዘመድ አለው፤ አየር መንገዱ የሚፈቅድለት 23 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሻንጣዎች ናቸው፤ ለሌላ ሰው የሚተርፈው አንድ ጫማና ግማሽ ነው። መንገደኛ እስኪገኝ ጫማው የተገዛለት ልጅ ያድጋል።

ልጅሽ ነገሩን ሲያገላብጥ የደረሰበት ይህ ነው፤ ቤትን የሚያጣብበው የሚገባው ዕቃ ብቻ ሳይሆን የመውጫ መጥፋት ነው። አንቺ ዘንድ መውጫው በር ድረስ ይመጣል። ጠዋት «ቆራሌው!» ሲል ያረጀው ድስትና ጠርሙሱ ይወጣል፤ ከሰዓት ልዋጩ ሲያልፍ አሮጌ ልብስ በፕላስቲክ ሳፋ ይለወጣል፤ የተረፈው መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ገብቶ ሌላ ነገር ሆኖ ይወጣል። እዚህ አንድ ሶፋ ለማስወጣት ቀጠሮ ይያዛል፣ ብዙ ጊዜም ይከፈላል። ለመግዛት ግን በስልክ አንዴ መንካት ይበቃል፤ በማግሥቱ ካርቶኑ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ይገኛል።

መውጫ ፈጽሞ የለም ማለት አይደለም። ጉድዊል የሚባለው ድርጅት አለ፤ በ1902 ቦስተን ላይ ኤድጋር ሄልምስ የተባለ የሜቶዲስት ቄስ የጀመረው ነው። ቄሱ ከሀብታም ሰፈር ያገለገለ ዕቃ እየሰበሰበ፣ ሥራ ያጡ ሰዎች እንዲጠግኑት እየከፈለ ያሸጥ ነበር። የቦስተን ቆራሌ በይው። አሁን በየሰፈሩ የዕቃ መቀበያ በር አለው።

እዚህ ቤት የጸናው ልማድም ከዚህ ተነሳ። የመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ አንድ ካርቶን ቋሚ ሆኖ ተቀመጠ፤ ሲሞላ፣ በዚያው ሳምንት መቀበያው በር ላይ ይራገፋል። ፖስታ ደግሞ ቆመን እንከፍተዋለን፤ የክሬዲት ካርድ ግብዣውና የፒዛ ቅናሹ ጠረጴዛ ሳይነካ ከደጅ የወረቀት ማጠራቀሚያው ውስጥ ይገባል። አንድ ጫማ ሲገባ አንድ ጫማ ይወጣል። ልጆቹ በዚህኛው ሕግ ተጠቅመው የአባታቸውን ጫማ ለማስወጣት ሁለት ጊዜ ሙከራ አድርገዋል።

ከሁሉ የበረታው ግን ካንቺ የመጣው ነው። ቅዳሜ ቡና ይፈላል። ረከቦት፣ ከሰል ማንደጃና ዱካ ሳሎኑ መሐል ቦታ ይፈልጋሉ፤ እንግዳም ይመጣል። ጭሱ ሳይነሳ አሻንጉሊቱም መጽሐፉም ወደየቤቱ ይገባል። ከጃፓን የመጣው ሥርዓት ያላስነሳውን የልጆች ብስክሌት ጀበና አስነስቶታል። ማሪ ኮንዶ ራሷ እንኳ በ2023፣ ሦስተኛ ልጅ ከወለደች በኋላ፣ ቤቷን እንደ ድሮው ለማስተካከል መጨነቁን እንደ ተወችው ተናግራለች፤ ምራትሽ ዜናውን በእልልታ ነው የተቀበለችው።

«አእምሮህስ አረፈ ወይ?» ትይ ይሆናል። የጭንቅላት ዕቃም መውጫ ይፈልጋል። ቴክሳስ በሚገኘው ቤይለር ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ በ2018 የታተመ ጥናት 57 ወጣቶችን ከመኝታ በፊት ለአምስት ደቂቃ አስጻፈ። ግማሾቹ የሠሩትን፣ ግማሾቹ በሚቀጥሉት ቀናት የሚሠሩትን ጻፉ። የሚሠሩትን የጻፉት በአማካይ ዘጠኝ ደቂቃ ያህል ቀድመው እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ ዝርዝሩ በበዛና በተብራራ መጠንም ቶሎ ተኙ። ልጅሽም ማታ ማታ ይጽፋል። አንደኛ መስመር የቤት ኪራይ፣ ሁለተኛ መስመር «እማዬ ጋ መደወል»። በተራው አትቀየሚ፤ ኪራይ ቀን ይቆጥራል፣ አንቺ ግን ለልጅሽ ታዝኛለሽ።

አንድ ነገር ደግሞ ለአንቺ። ማርጋሬታ ማግኑሶን የምትባል ስዊድናዊት ሠዓሊ በ2017 ስለ ዕቃ መቀነስ መጽሐፍ አሳትማለች። ርዕሱ ቢነገርሽ ስለምታማትቢ ይቅር። ምክሯ ግን ያንቺን ቡፌ ያየች ያስመስላታል፤ ከትልልቁ ዕቃ ጀምሩ፣ ፎቶና ደብዳቤ ለመጨረሻ ይቆይ፣ የምትወዱትን ዕቃ በሕይወት ሳላችሁ ለሚደሰትበት ስጡ ትላለች። ለእንግዳ ተብለው ከሠርግሽ ጀምሮ ከመስታወት ጀርባ የቆሙት ብርጭቆዎች እስካሁን የሚመጥን እንግዳ አልመጣላቸውም። ለእህቴ ብትሰጫት ምን ይመስልሻል? መልሱን ልጅሽ ያውቀዋል፤ ቢሆንም ተጠይቋል።

ሰው ሲመጣ በርበሬና ሽሮ የምትልኪ ከሆነ በኒዶ ቆርቆሮ ባይሆን፤ ቆርቆሮውም ይመዘናል፣ እዚህ ከደረሰም ምራትሽ አትጥለውም። የእህቴ ልጆች የዛሬ የጫማ ቁጥራቸው ስንት እንደ ሆነ በሚቀጥለው ስልክ ይነገረን። ሻንጣው ውስጥ 31፣ 33 እና 34 አለ። ያለፋቸው ካለ ከጎረቤት ልጆች ለማን እንደሚሆን አስቢበትና ስም ላኪ፤ መንገደኛ ተገኝቷል፣ ለፋሲካ ይነሳል።

ልጅሽ