ጓንቱ ይቅደም

«የወፍ ጉንፋን እኛ አገር ገብቶ አያውቅም» ይሉኛል የጎንደሩ ባለ እርባታ፣ ኩስ የምትጠርገው ልጅ ጓንት የላትም ስላቸው። ሌባስ ቤትዎ ገብቶ ያውቃል? ታዲያ ማታ ማታ በሩን ለምን ይቆልፋሉ?

በ1998 ዓ.ም. የካቲት ላይ ናይጄሪያ ከአፍሪካ ቀድማ በሽታውን አስታወቀች። በዚያው ዓመት ግብፅም፣ ከመተማ ማዶ ያለችው ሱዳንም፣ ጅቡቲም ተከተሉ። ጅቡቲ ላይ ሰውም ተያዘ። እኛም ጉብሬ እርባታ ውስጥ ዶሮዎች ሞተው አገር ደነገጠ፤ በኋላ ምርመራው የወፍ ጉንፋን አይደለም አለ፣ እሰየው። ግን የሞተ ዶሮ ውጤት እስኪመጣ ተጋድሞ አይጠብቅም፤ አንድ ሠራተኛ ያነሳዋል። እጁ ከላቦራቶሪው ይቀድማል። ጓንቱም መቅደም ያለበት ለዚህ ነው።

«ፈንግል ነው፣ እናውቀዋለን።» በምን አወቁት? ፈንግልም የወፍ ጉንፋንም መንጋውን ባንዴ ይፈጃሉ፤ ሐኪሙ እንኳ በዓይኑ አይቶ አይለያቸውም። እርስዎ በር ላይ ቆመው ለዩት?

«የጣና ወፍ እኔ ግቢ ምን ያደርጋል?» ወፉ ባይመጣ ኩሱ በጫማ ይመጣል፤ ከጎርጎራና ከደምቢያ የሚመጣ ዶሮና ሰው አያጡም። በበጋ ከአውሮፓ ወርደው ጣና ዳር የሚከርሙት ባለ ረጅም እግር ክሬኖች ከፊሎቹ በእስራኤሉ ሁላ ሸለቆ ያልፋሉ። በ2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ እዚያው ሸለቆ ውስጥ ከ5,000 በላይ ክሬኖች በወፍ ጉንፋን አልቀዋል።

«ማስክ ያፍናል፣ ይሞቃል።» እውነት ነው። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ አሜሪካ ኮሎራዶ ውስጥ የታመሙ ዶሮዎችን የሚያስወግዱ ሠራተኞች ቤቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ግሎባቸው፣ ማራገቢያው ላባና አቧራ እያበነነባቸው፣ ማስክና መነጽሩ ፊታቸው ላይ አልቆይ ብሏቸው በወፍ ጉንፋን ተይዘዋል። ስለዚህ ሥራውን ማለዳ ያድርጉት፣ ፈረቃውን ያሳጥሩት፣ ኩሱን ከመጥረግ በፊት አቧራው እንዳይነሳ ውሃ ያርከፍክፉበት። የደባርቅ ባለ እርባታዎች ግን በሙቀት አያመካኙብኝ!

«ደሞዟን እከፍላለሁ፣ ሌላው የራሷ ጉዳይ ነው።» አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 አደጋውን የሚያስረዳትም፣ መከላከያውን የሚያቀርብላትም አሠሪው ነው ይላል። አሠሪው እርስዎ ነዎት።

«ከታመመች ትናገራለች።» ለማን? ሁለት ቀን ብትቀር ደሞዟን ለሚቆርጡት? የታመመ ዶሮ በነካች በ10 ቀን ውስጥ ዓይኗ ቢቀላ፣ ቢያተኩሳት፣ ቢያስላት፣ ዝም ብላ ሥራ ትገባለች እንጂ ምን ታድርግ? ዓለም ላይ ከ1996 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የወፍ ጉንፋኑ ቫይረስ ኤች5ኤን1 እንደያዛቸው ከተረጋገጠው ከ950 በላይ ሰዎች ግማሽ ያህሉ ሞተዋል። የቀረችበትን ቀን ደሞዝ ይክፈሏት፤ ያኔ ትናገራለች፤ ጤና ጣቢያ ሄዳም «የምሠራው ዶሮ ቤት ነው» ትላለች። ያቺ አንዲት ቃል ለሐኪሙ ትልቅ ፍንጭ ናት። የሚያናድደኝም ይኸው ነው፤ ለዶሮዎቹ ክትባት የሚገዛ ሰው ለልጅቷ ሳሙና ሲቸግረው።

የቤት እመቤቷም አላመለጡኝም። ዶሮው ከቅዳሜ ገበያ መጥቶ ታርዶ፣ ሠራተኛቸው በባዶ እጇ ላባውን እየነጨች፣ ሆድ ዕቃውን እያወጣች፣ «እንዴ! ዶሮ ወጥ እኮ ሲንተከተክ የሚውል ነው፣ ምን በሽታ ይተርፋል?» ይላሉ። በሚገባ የበሰለ ዶሮ አያሳምምም፣ አልዋሹም። ግን እርስዎ የሚነኩት የበሰለውን ነው፣ እሷ ጥሬውን። እርስዎን እሳቱ ጠበቀልዎት፤ እሷንስ ማን ይጠብቃት?

«እሺ፣ በዓሉ ይለፍና እንገዛለን።» ዶሮው የሚታረደው ለበዓሉ አይደለም እንዴ? ዛሬ ይግዙ።