መደበቂያ ለአሰላ ሰው?

የዘንድሮ ሊቃውንት ሥራ ጠፍቶባቸው ሰው መደበቅ ይዘዋል። ሳር ላይ ሲቆም ሳር፣ አለት ላይ ሲቆም አለት የሚመስል፣ እንደ እስስት ቀለሙን የሚቀያይር ልብስ ሊያለብሱን ነው አሉ። የልጅ ልጄ ኢንጂነሪንግ ይማራል፤ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ወሽቆ «አባባ፣ ይችን ይዩማ!» ይለኛል። ጤፍ የሚያካክል ፊደል፣ ያውም ያለ መነጽር።

ደግሞ ለአሰላ ሰው መደበቂያ ምን ያደርግለታል? ሐምሌ ገብቶ የጭላሎ ጭጋግ ሲወርድ፣ ነጭ ጋቢዬን ተከናንቤ ከግቢ ስወጣ ጠፋሁ ማለት ነው። ባለባጃጁ ክላክስ የሚያሰማው ካለፈኝ በኋላ ሲሆን፣ ጭቃውን ረጭቶብኝ ሲያበቃ «አባት፣ አይታዩም እኮ!» ብሎ የሚቆጣውም እሱ ነው። ገብስ የተበደሩኝማ ጭጋግ አያሻቸውም፤ በመስከረም ጠራራ ፀሐይ ከፊቴ ይሰወራሉ።

መሰወርን መማር የፈለገ ወደ ተራራችን ይውጣ። የደጋ አጋዘን፣ ወንዱ እስከ 300 ኪሎ የሚደርስ፣ ቀንዱ የተጠማዘዘ ግዙፍ እንስሳ፣ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም። ፈረንጆቹ አፍሪካን ዞረው፣ አንበሳውንም ዝሆኑንም ቆጥረው ሲጨርሱ እሱ አስታው ውስጥ ቆሞ ያያቸው ነበር። አንድ እንግሊዛዊ አዳኝ ከዝዋይ ሐይቅ ደቡብ ምሥራቅ ካሉት ተራሮች ላይ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1908 ነው፤ ለንደን ላይ ሳይንሳዊ ስም የወጣለት ደግሞ በ1910። ያገሬው ሰው መቼም ያውቀዋል፤ የጠየቀን አልነበረም እንጂ። ያ ሁሉ ሥጋ የተደበቀው በቡኒ ጠጉርና በትዕግሥት ነው፤ ሽቦ የለው፣ ባትሪ የለው።

ይልቅ አንጀቴን የሚያሳርረው የእስስቱ ነገር ነው። እኛ ከኃይለኛው ጋር ሁሉ የሚመሳሰል ሰው ባየን ቁጥር የእስስቱን ስም እያነሳን ስናማው ኖርን። እ.ኤ.አ. በ2015 የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የማዳጋስካሩን እስስት ቆዳ በአጉሊ መነጽር ሲመረምሩ፣ ሥሩ ጓኒን ከሚባል ነገር የተሠሩ፣ በዓይን የማይታዩ ክሪስታሎች ተደርድረው አገኙ። ወንዱ ረጋ ሲል ክሪስታሎቹ ይጠጋጉና ሰማያዊ ብርሃን ይመልሳሉ፤ ያ ብርሃን ቆዳው ውስጥ ካለው ቢጫ ቀለም ጋር ሲደባለቅ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። ሌላ ወንድ መጥቶ ሲጋፋው፣ ወይም ሴቲቱን ሲያይ፣ ክሪስታሎቹ ይራራቃሉ፤ አረንጓዴው ወደ ቢጫና ወደ ብርቱካንማ ይዞራል፣ ቀዩም ይደምቃል።

እንግዲህ ፍረዱ! ሲናደድ የሚቀላ፣ ሲወድ የሚፈካ፣ የሆዱን ቆዳው ላይ የሚያውል ፍጥረት፣ ይሄ መደበቅ ነው? እኛ ስብሰባ ላይ ቢቀመጥ ከመሀላችን ሐሳቡ የሚታወቅበት እሱ ብቻ በሆነ ነበር። የልጅ ልጄ «ከአካባቢው ጋር ለመመሳሰልም የሚለውጡ አሉ» ብሎ ይከራከረኛል። ይለውጡ! ጠዋት ሲበርደው ጠቆር ብሎ ፀሐይ የሚሞቅም አለ፤ እሱንስ ማን ያማዋል? ሰው ግን ከዚህ ሁሉ ዕውቀት መርጦ የወሰደው መሸሸጉን ነው።

መሸሸጉም ቢሆን አልሆነለትም። የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ2004 ለበረሃውም ለጫካውም ለከተማውም የሚበቃ ነው ብሎ አንድ ዥጉርጉር ልብስ አወጣ። የትም አልመሳሰል አለው፤ በ2010 አፍጋኒስታን ለዘመቱት ወታደሮች ሌላ ልብስ ለመስጠት ተገደደ። ይኼኔ ነው እንግዲህ የሰው ልጅ እስስት እግር ሥር ወድቆ አስተምረኝ ያለው።

የሴኡል ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2021 የሠሩትን የልጅ ልጄ በስልኩ አሳየኝ። የፕላስቲክ እስስት ነው፤ ቀይ ወለል ላይ ሲሄድ ቀይ፣ አረንጓዴው ላይ ሲደርስ አረንጓዴ ይሆናል። ሥሩ ከፀጉር በብዙ እጥፍ የቀጠነ የብር ሽቦ አለ፤ የወለሉን ቀለም የሚያነብ መሣሪያም አለው። ሽቦው ሲሞቅ ከላይ ያለው ቀለም ይለወጣል።

«ቆይ፣ ይሞቃል ነው ያልከኝ?»

«አዎ አባባ፣ የሚሠራው በሙቀት ነው።»

«ስንት ይሞቃል?»

«የዚህኛውን አላውቅም። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ2014 የሠሩት ጥቁሩ ጠፍቶ ከሥሩ ያለው ነጭ የሚታየው 47 ዲግሪ ላይ ነው።»

አርባ ሰባት ዲግሪ! ጉልበቴ ከሰኔ ጀምሮ ቁርጥማት ይዞት፣ ምድጃ ታቅፌ እየዋልኩ፣ እነዚህ ሰዎች ይህን የመሰለ ማሞቂያ ይዘው መደበቂያ ነው ይላሉ? «ልጄ፣ ቀለሙን ለወታደሩ ተውለት። ሽቦውን ጋቢዬ ውስጥ አስገባልኝ፤ ቀይ ብሆንም ግድ የለኝም፣ ባለባጃጁም ያየኛል።»

«ቻርጅ ይፈልጋል እኮ፣ አባባ።»

መብራት ከትናንት ጀምሮ የለም።