ሰርግን በዲቪዲ የመቅበር ሥርዓት

አሮጌ የሰርግና የክርስትና ቪዲዮ ካሴቶችን ወደ ዲቪዲ ማስገልበጥ፣ በአገር ቤትም ሆነ በውጭ አገር በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ዘንድ፣ የቤተሰብን ታሪክ ከጥፋት የመታደግ ሥራ ተደርጎ ይታያል። አፈጻጸሙን በጥሞና የተመለከተ ሰው ግን ታሪኩ በክብር የሚቀበርበት ሥርዓት ሆኖ ስለሚያገኘው፣ ሥርዓቱ በየደረጃው ሊገለጽና ሊደነቅ ይገባዋል።

ካሴቱን ማስገልበጥ አስፈላጊ መሆኑ አያከራክርም። የጃፓኑ ጄቪሲ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1976 ለገበያ ያቀረበው የቪኤችኤስ ካሴት፣ ምስልና ድምፅን የሚይዘው ግማሽ ኢንች ስፋት ባለው ጥብጣብ ላይ በተቀባ መግነጢሳዊ ዱቄት ነው፤ ጥብጣቡ እርጥበት ሲያገኘው ይሻግታል፤ ማጫወቻው ዴክም ቢሆን የመጨረሻው አምራች ፉናይ እ.ኤ.አ. በ2016 ሥራውን ካቆመ ወዲህ አዲስ አይገኝም። የሚያስደንቀው እንግዲህ አገለባበጡ ነው።

የመጀመሪያው ደረጃ ማሳመር ይባላል። የሽማግሌዎቹ ምርቃት «ረዘመ» ተብሎ ይቆረጣል፤ ዛሬ በሕይወት የሌሉ አያት ድምፅ ከእልልታው ጋር «ጫጫታ» ተብሎ ይደመሰስና በምትኩ በኪቦርድ የተቀነባበረ ዜማ ይገባል፤ ሙሽራዋ የእናቷን ጉልበት ስማ ስታለቅስም፣ ሐዘኑ እንዳይከብድ ታስቦ ይመስላል፣ ቀይ ልብ በፊቷ ላይ እየተሽከረከረ ያልፋል።

ሁለተኛው ደረጃ ማጨቅ ነው። አንድ ተራ ዲቪዲ 4.7 ጊጋባይት የሚይዝ ሲሆን፣ ይህም ጥራቱን ለጠበቀ ምስል ሁለት ሰዓት ያህል ይበቃል። ቆጣቢው ቤተሰብ ግን የሰርጉን፣ የመልሱንና የቅልቅሉን ካሴቶች በአንድ ዲስክ ላይ እንዲጠቀጠቁለት ያዛል። ምስልን መጭመቅ ማለት በአመዛኙ ያልተንቀሳቀሰውን ደጋግሞ ከመመዝገብ ተቆጥቦ የተንቀሳቀሰውን ብቻ መመዝገብ ስለሆነ፣ ቦታ ሲጠብብ ቀድሞ የሚጎዳው እንቅስቃሴው ነው፤ የድንኳኑ ሸራ ጥርት ብሎ ይቀመጣል፣ እስክስታ የሚወርደው ትከሻ ግን ወደ ትናንሽ አራት ማዕዘኖች ይበታተናል። የልጅ ልጆች አያታቸው እንዴት እንደጨፈሩ ባያዩም፣ ድንኳኑ ንጹሕ እንደነበረ በእርግጠኝነት ይመሰክራሉ።

ሦስተኛው ደረጃ ማስወገድ ሲሆን፣ የሥርዓቱ ጥበብ ከምንም በላይ የሚገለጠው እዚህ ላይ ነው። በየቪዲዮ ቤቱ የሚቀዳው ዲቪዲ መረጃውን የሚይዘው ሌዘር በሚያቃጥለው ስስ የማቅለሚያ ንጣፍ ላይ ነው፤ ይህ ንጣፍ ሙቀትና የፀሐይ ብርሃን ሲያገኘው እየደበዘዘ ስለሚሄድ፣ ዲስኩ የሙሽሮቹ ፎቶ ተለጥፎበት ፀሐይ በሚያርፍበት የሳሎን ቡፌ ላይ ይቀመጣል። የዲስክ ማጫወቻ የሌላቸው ኮምፒውተሮች በበዙበት ዘመን የሚከፍተው ሰው ስለሌለ፣ መበላሸቱም ለዓመታት ማንንም አያስጨንቅም። ዋናው ካሴት በበኩሉ «አሁንማ ተገልብጧል» ተብሎ ከባዶ ጠርሙስና ከአሮጌ ጫማ ጋር ለቆራሌው ይሸጣል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው ለሌላ ሰው መሆን አለበት፤ ይህኛው ቤተሰብ የብብቱን ሸጦበታል።

ከዚህ ሁሉ ጥበብ ለመራቅ የሚሻ ቤተሰብ ካለ፣ መንገዱ የሚያሳፍር ያህል ቀላል ነው። ካሴቱ ከመጫወቱ በፊት የዴኩ ሄድ፣ ማለትም ጥብጣቡን የሚያነበው ክፍል፣ ይጸዳል፤ ቅጂው ሳይቆረጥና ሳይዋብ እስከ መጨረሻው ይገለበጣል፤ ከዚያም ፋይሉ በሁለት ሃርድ ዲስኮች ተቀምጦ አንዱ በሌላ ዘመድ ቤት ይቀመጣል። ልብ ማሽከርከር የግድ ከሆነ በትርፍ ቅጂ ላይ ይሽከርከር። ካሴቱ ግን በደረቅና በቀዝቃዛ ቦታ ቆሞ ይቀመጥ እንጂ ለቆራሌ አይሰጥ፤ ዲስኩ የደበዘዘ ዕለት እንደገና ሊገለበጥ የሚችለው እሱ ብቻ ነውና።