መታወቂያ የሚጠይቅ ቀዳዳ

ብሬድቦርድ ላይ ሽቦ ስትሰኩ የምታመሹ ታውቁታላችሁ፤ ሌሎቻችሁ ታገሱኝ። ሰርኪዩቱ ተሠርቶ ካበቃ በኋላ ገመዱ ላፕቶፑ ላይ ሲሰካ «ይህን ዕቃ አላውቀውም» ይላል። ይነቀልና ጎኑ ያለው ቀዳዳ ላይ ይሰካል። አሁን አወቀው። ግን ትናንት ላፕቶፑ ኮም 3 ይለው የነበረው ዛሬ ኮም 7 ሆኗል። ምን አስነሳው? ዕቃው ያው፣ ገመዱ ያው፣ ጠረጴዛው ያው!

ወልድያ ፎቶ ኮፒ ቤት ጥግ አቧራ የለበሰ አሮጌ ዴስክቶፕ ካያችሁ ከኋላው ዙሩ። ባለ 25 ቀዳዳ የፕሪንተር ፖርት ይኖረዋል። ያ ፖርት ጨዋ ነበር። ከፒን 2 እስከ 9 ስምንት ኤልኢዲ ከነሬዚስተራቸው፣ ከ18 እስከ 25 ግራውንድ፤ አለቀ። በሄክስ 378 ወደሚባለው አድራሻ 255 ስትልኩ ስምንቱም ይበራሉ፤ 0 ስትልኩ ይጠፋሉ። ማን ናችሁ፣ ከየት መጣችሁ አይልም። ጎረቤቱ ባለ 9ኙ ሲሪያል እንኳ ቁጡ ነበር፤ እስከ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ 12 ቮልት ስለሚወረውር፣ መሐል ማክስ232 የምትባል ቺፕ ካልገባች 5 ቮልት የለመደውን ሁሉ ይፈጀዋል።

በ1996 እ.ኤ.አ. ዩኤስቢ መጣና ውሎ አድሮ ሁለቱንም አስወጣቸው። ገመዱ ሲላጥ አራት ሽቦ ነው፤ ቀዩ 5 ቮልት፣ ጥቁሩ ግራውንድ፣ ነጩና አረንጓዴው ወሬ አመላላሽ። ነጩ ላይ ኤልኢዲ ሰክቶ «አብራልኝ» ማለት ግን የለም። እንደ ቀበሌ ጸሐፊ መጀመሪያ መታወቂያ ይጠይቃል፤ የአምራቹ ቁጥር፣ የዕቃው ቁጥር፣ ከዚያ ድራይቨር። ድራይቨሩ የሚወርደው ከኢንተርኔት ነው፤ ኢንተርኔቱ ደግሞ... ይህንን ለወልድያ ሰው ማስረዳት አያሻም።

ይሁን፣ መታወቂያ ይጠየቅ። የ2014 እ.ኤ.አ.ው ግን እስካሁን ያንገበግበኛል። ኤፍቲዲአይ የሚባለው ቺፕ ሠሪ፣ የሱን አስመስለው የሚሠሩ ቢበዙበት፣ በዊንዶውስ ማሻሻያ በኩል አዲስ ድራይቨር ለቀቀ። ድራይቨሩ አስመሳይ ቺፕ ሲያገኝ የዕቃውን መለያ ቁጥር ዜሮ ያደርገዋል፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ ኮምፒዩተር ላይ ቢሰካም ባዳ ነው። አስመሳዩ ፋብሪካ ምን ሆነ? ገንዘቡን አስቀድሞ በልቷል። በእንዲህ ያለው ነገር የሚቀጣው፣ ቺፗ ያለባትን ገመድ ከመርካቶ አስገዝቶ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ በአውቶብስ ያስመጣ ተማሪ ነው። ምኗን አይቶ ይለያት? የታተመባት ስም እንደሆነ ያው ነው! ሌባውን ትቶ የገዛውን መግረፍ የየት አገር ፍርድ ነው? ጩኸቱ ሲበዛ ድራይቨሩን ሰበሰቡት፤ ሰበሰቡት እንጂ።

እኛ ዘንድ ብርቱካን ሻጭ ሁሉ «የመርሳ ነው» ይላል። ከጣፈጠ የመርሳ ነው፤ ከጎመዘዘም ሳይደርስ የተለቀመ የመርሳ ነው። ማንም ተነሥቶ ብርቱካኑን ዜሮ አላደረገውም።

ብርቱካን ካነሣሁ፣ እዚያው መርሳ ዙሪያ ሀብሩ ያሉት አጎቴ «ምድሪቱ ስትደርቅ የሚናገር ነገር እሠራለሁ ያልከው የት ደረሰ? ይናገራል ወይ?» ይሉኛል።

«ይናገራል ጋሼ፤ ላፕቶፑ አልሰማ ብሎ ነው።»

እሳቸውም ላፕቶፑን ተዉትና የመስኖ ተራቸውን ስለቀማቸው ጎረቤት ጀመሩ። ያ ደግሞ ራሱን የቻለ ረዥም ጣጣ ነው፤ ሰውየው ተራው ሐሙስ ነው ይላል፣ እሳቸው ሮብ ይላሉ...