ያረጀ ከበሮ ለማበላሸት የሚረዳ ምክር

የቆየ ከበሮ ጨርሶ ማበላሸት የሚፈልግ ሰው ከመልካ ወረር የተሻለ ቦታ አያገኝም። ከባሕር ጠለል በላይ 740 ሜትር ገደማ ላይ፣ በአዋሽ ዳር፣ ከጥጥ እርሻው አጠገብ ያለችው ይህች የአፋር ከተማ በግንቦትና በሰኔ እንደ እሳት ትፋጃለች። ከደጋ ዋንዛ ተፈልፍሎ የወረደ የቤተ ክርስቲያን ከበሮ እዚህ ሲከርም እንጨቱም ቆዳውም እርጥበቱን ይለቃል። አየሩ ግማሹን ሥራ ይሠራል፤ የቀረውን እርስዎ እንዲህ አድርገው ይፈጽሙት።

እድሳቱን በበዓል ዋዜማ ይጀምሩ። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ከበሮና ጸናጽል ያርፋሉ፤ ዝማሜው በመቋሚያ ነው። ቆዳ ረጋ ብሎ እንዲደርቅ ከዚህ የተመቸ ጊዜ በዓመቱ ውስጥ የለም። ያንን ሁሉ ሳምንት ያሳልፉትና ቀዳም ሥዑር ጠዋት ጠፍሩን ይፍቱ። ለትንሣኤ ሌሊት ያልደረቀ ቆዳ ይዘው ይገባሉ፤ እርጥብ ቆዳ ደግሞ ቢመቱትም ድምፁ አይወጣም።

ቆዳውን ከየትም ያምጡ። ለጫማ የለፋ ቆዳ ለስላሳና ለእጅ የሚመች ነው፣ ከበሮ ላይ ግን አይጮኽም። የሚጮኸው ፀጉሩ ተፍቆ የደረቀ ጥሬ ቆዳ ነው። እሱን ከገዙም በፈላ ውሃ ይንከሩት። ጥሬ ቆዳ ሙቀቱ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አልፎ ሲወጣ ይኮማተራል፣ እየቆየም ወደ ሙጫነት ይለወጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚመልሰው የለም። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ቢያድር ኖሮ ምንም ሳይጎዳ ይለሰልስ ነበር።

ከወጠሩት በኋላ ቀትር ላይ ፀሐይ ያስጡት። የመልካ ወረር ከበሮዎች ከሁሉ በላይ የሚጎዱት በዚህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልናገር። ላዩ በሰዓታት ይደርቃል፣ ውስጡ ግን ገና እርጥብ ነው። ደረቁ ይሰበሰባል፣ እርጥቡ አይከተለውም፤ ኃይሉ ሁሉ ጠፍሩ በገባባቸው ቀዳዳዎች ላይ ያርፍና እዚያው ይቀደዳል። እንጨቱም በቃጫው አቅጣጫ ይሰነጠቃል። ጥላ ውስጥ፣ ነፋሱን ከልለው፣ ጠፍሩን በየዕለቱ ከግራና ከቀኝ በእኩል ጥቂት ጥቂት እየሳቡ ቢያደርቁት ያ ቆዳ ልጆችዎም ይመቱታል። ይህን ያህል መታገሥ ከባድ አይደለም፤ የሚያስፈልገው ጥላና ቀናት ብቻ ነው።

ልብሱን በተመለከተ፣ የድሮውን ጨርቅ ቀደው ይጣሉና በፕላስቲክ ሌዘር ይጠቅልሉት፣ ጠፍሩንም ጭምር በሙጫ ያጣብቁት። ሌዘሩ እንጨቱን አያስተነፍስም። በሚቀጥለው ዓመት ቆዳው ሲላላም ጠፍሩን የሚስቡበት መንገድ አይኖርም፤ የተለጠፈውን ሁሉ መቅደድ ይኖርብዎታል። ጨርቁን ወደ አፉ አሳልፈው ከቸነከሩት ደግሞ ድምፁ ይታፈናል፣ ምስማሩም እንጨቱን ይሰነጥቃል። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ጠፍሩ የጌታን የግርፋት ሰንበር፣ ጨርቁ በመከራው ያለበሱትን ልብስ ያስታውሳል። ሰንበሩን በፕላስቲክ የሚሸፍን ሰው ምን እንደሸፈነ ቢያስብ ደስ ይለኛል።

እንጨቱ ከተሰነጠቀ ጥለውት ከቆርቆሮ በርሜል አዲስ ያሠሩ። ርካሽ ነው፣ አይሰነጠቅም፣ ድምፁ ግን የበርሜል ነው። ዋንዛውን የፈለፈለው እጅ ዳግም አይገኝም፤ ስንጥቁ ግን በዚያው በዋንዛ ሽብልቅ ተሞልቶ፣ የአፉ ከንፈር ተስተካክሎ ሊድን ይችላል። ከንፈሩ ሸካራ ሆኖ ከቀረ አዲሱን ቆዳ ከሥር ይበላዋል።

በመጨረሻ፣ ያንን ከበሮ ለዓመታት የመቱትን አባት ሳይጠሩ ጠፍሩን ይጨርሱ። ሰፊውና ጠባቡ አፍ በድምፅ ይለያያሉ፣ ልዩነታቸው ምን ያህል እንደነበረ የሚያውቁትም እሳቸው ናቸው። ሁለቱን አንድ እስኪሆኑ ይሳቡ፤ ቆዳው በዚያ ልክ ከደረቀ በኋላ ድምፁን ለመመለስ ጠፍሩን ሁሉ ፈትቶ፣ ቆዳውን አርጥቦ፣ ከመጀመሪያው መወጠር ግድ ይሆናል።