የማያስቀምጥ ወንበር አመራረጥ

የሞተርዎ ወንበር ስፖንጁ ሞቷል፤ ሌዘሩም ተተርትሯል። ለሁለት ሰው የሚሆን ሌላ መግዛትዎ አይቀርም። እንግዲያው ገንዘብዎን አውጥተው የራስዎን ወገብና የኋላ ተሳፋሪዎን ባንድ ላይ ለመቅጣት የሚከተለውን ይፈጽሙ።

በመጀመሪያ ብቻዎን ይሂዱ። ዘወትር ከኋላ የሚቀመጡት ባለቤትዎ ቢሆኑም እርሳቸውን ማማከር ጣጣ ነው፤ ከኋላ ቁጭ ብለው ጉልበታቸው ምን ያህል እንደሚታጠፍ፣ እግራቸው መርገጫው ላይ ማረፉን ያዩብዎታል። ከተቻለ እርስዎም አይሂዱ። በቴሌግራም የተላከ ፎቶ ይበቃል፤ ፎቶ ላይ በቀይ ክር የተሰፋ ወንበር ቆርቁሮ አያውቅም።

የግድ ሱቅ ከገቡ ስፖንጁን በአውራ ጣትዎ ጫን ያድርጉት። እንደ ትኩስ ዳቦ ገባ ካለልዎ ዋጋ አይከራከሩ። ጠንከር ያለውን «ይሄማ ድንጋይ ነው» ብለው ይለፉት። ጠንካራው ረጅም መንገድ ላይም ክብደትዎን ተሸክሞ ይቆያል፤ ለስላሳው ግን ሁለት ሰው ሲጫነው ተደፍጥጦ ከሥሩ ካለው ፕላስቲክ ጋር ያስተዋውቅዎታል። ትውውቁ የሚጠብቀው ኮብልስቶን ላይ ነው። ለሙከራ ሱቁ ውስጥ 5 ደቂቃ መቀመጥ በቂ ነው፤ የቀረውን ከባሕር ዳር ጢስ ዓባይ ባለው 30 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ይረዱታል። አበው ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆሞ ማውረድ ይቸግራል ይላሉ፤ እርስዎ ደግሞ ቁጭ ብለው የገዙትን ቆመው ይነዱታል።

ቅርጹ ጠበብ ያለ፣ ኋላው ሽቅብ የወጣ ይሁን። ሰፊና ደልዳላው ክብደትን አከፋፍሎ ያሳርፋል፤ ግን ማን ዞር ብሎ ያየዋል? ሽቅብ የወጣው ባለቤትዎን ከትከሻዎ በላይ አውጥቶ ለነፋስ ይሰጣል፣ ፍሬን በያዙ ቁጥርም ወደ እርስዎ ያወርዳቸዋል። ሌዘሩ የሚያብለጨልጭ ከሆነ አወራረዳቸው ይፈጥናል፤ እርስዎም ከቤንዚን ታንከሩ ጋር ይጣበቃሉ።

ስፌቱ ልክ በሚቀመጡበት መሃል ላይ ይለፍ። የሐምሌ ዝናብ በመርፌው ቀዳዳ ገብቶ ስፖንጁ ውስጥ ይከርማል። ፀሐይ ወጥታ ላዩን ካደረቀችው በኋላ ተማምነው ቁጭ ሲሉ፣ ውኃው ከታች ተጨምቆ ሱሪዎ ላይ ይወጣል። ያን ቀን ስብሰባ ካለዎት ቀድመው ገብተው ግድግዳ ይደገፉ።

ገጠማው ላይ አይጨነቁ። ለቦክሰር ሞተርዎ የአፓቼ ሞተር ወንበር ይግዙ። ከፊት ታንከሩ ሥር የሚገባው ምላስ እምቢ ካለ ይሞረድ፤ የኋላው የብሎን ቀዳዳ አልገናኝ ካለ ሽቦ ምን ሠርቶ ይበላል? የኋላ መያዣው ብረት ካስቸገረም ይፈታ፤ ባለቤትዎ ጃኬትዎን ይይዛሉ። መካኒኩ «አሞርዛተሩን ለሁለት ሰው ላጥብቀው?» ካለዎት አይፍቀዱለት። በየጉድጓዱ የሚያነጥርዎት ምን እንደሆነ ከታወቀ ለሚቀጥለው ወንበር መግዣ ምክንያት ያጣሉ።

ከኋላ ቅሬታ ሲመጣ «ይለመዳል» ይበሉ። ባለቤትዎ አንድ ቀን «እኔ በባጃጅ እመጣለሁ፣ አንተ ሂድ» ካሉዎት ሥራው ተሳክቷል። ከዚያ ወዲያ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብለው በእርሳቸው ቦታ ይቀመጡ፤ ስፖንጁ ትንሽም ቢሆን የተረፈው እዚያ ነው።