ለአቶ ካንባን የተነበበ የሕይወት ታሪክ

ለቀስተኛው ጥቂት ነው። ሟች «ከሚፈለገው በላይ አንድም አይምጣ» ሲሉ ኖረው ያለፉ ናቸውና ቅር አይላቸውም።

አቶ ካንባን በ1953 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ጃፓን ውስጥ፣ በቶዮታ ፋብሪካ የማሽን ክፍል ተወለዱ። አባታቸው ታይቺ ኦኖ ይባላሉ። ስማቸው በጃፓንኛ የሱቅ ሰሌዳ እንደማለት ነው፤ ሰውነታቸው ግን ላስቲክ የለበሰች ቁራጭ ወረቀት ነበረች። የዕቃው መለያ ቁጥር፣ በሳጥኑ ያለው ብዛት፣ ከየት ተነስቶ ወዴት እንደሚሄድ፤ ያላቸው ይኸው ነው። ጥሪት አላፈሩም። እንዲያውም ጥሪት ማፍራት ነውር ነው ባይ ነበሩ።

በ1960ዎቹ ወደ ዕቃ አቅራቢዎቹም ተሰማሩ። ሠራተኛው አዲስ የብሎን ሳጥን ሲከፍት ካርዱን ነቅሎ ማጠራቀሚያው ውስጥ ይጥለዋል። ካርዱ ተለቅሞ በጭነት መኪና ወደ አቅራቢው ይሄዳል፤ ሙሉ ሳጥን ላይ ተለጥፎ ይመለሳል። ካርድ ያልመጣለት አቅራቢ አንዲት ብሎን አይሠራም፣ አይልክምም። መጋዘን ጢም ብሎ ሲያይ ደስ የሚለው ነጋዴ ይህን ሰምቶ ቢያማትብ አይፈረድበትም።

በለቅሶ ቤት የሟች ነውር አይነሳም። ይሁን እንጂ አቶ ካንባን ይጠፉ ነበር። አንዲት ካርድ መደርደሪያ ሥር ከቀረች የሳጥኑ ትዕዛዝም አብሯት ቀረ። ሽያጭ ከፍና ዝቅ ባለ ቁጥር ካርዶቹን በእጅ መጨመርና መቀነስ ግድ ነበር። ለሞት ያበቃቸው ግን እግራቸው ነው፤ ከጭነት መኪናው ፈጥነው አያውቁም።

ወራሹ ሶፍትዌር ያንን ጉዞ በሰከንድ ጨረሰው። ካርዱ ላይ የታተመው ኮድ ይነበባል፤ ትዕዛዙ አቅራቢው ኮምፒውተር ላይ ይደርሳል፤ አቅራቢው የራሱን ካርድ አትሞ ይለጥፋል፤ ካርዱ ዕቃውን ካደረሰ በኋላ ይጣላል። ዕድሜ ልካቸውን ሲመላለሱ የኖሩት ሰው የአንድ ጉዞ መንገደኛ ሆነው ቀሩ። ሞት ያልነው ይህን ነው እንጂ ወረቀቱማ ዛሬም በየፋብሪካው አይጠፋም።

ወራሹን በዚህ ቀን ማማት ባይገባም የሆነው ይነገር። ኦገስት 29 ቀን 2023 ጃፓን ውስጥ ያሉት 14ቱም የቶዮታ መገጣጠሚያ ፋብሪካዎች ቆሙ። እሳት አልተነሳ፣ ምድር አልተንቀጠቀጠ። ኩባንያው እንዳስረዳው፣ የዕቃ ትዕዛዝ የሚያስተናግዱት ሰርቨሮች በጥገና ወቅት ቦታ ሞልቶባቸው ነው። መጠባበቂያውም በዚያው ሲስተም ላይ ስለነበር አብሮ ወደቀ። ማርች 1 ቀን 2022ም ኮጂማ የተባለው የፕላስቲክ ዕቃ አቅራቢ በሳይበር ጥቃት ስለተመታ 14ቱ ፋብሪካዎች ለአንድ ቀን ሥራ ፈትተው ነበር።

እርግጥ መጋዘን ባዶ የማድረጉ አመል ከሟች የተወረሰ ነው። በ1997 አይሲን የተባለው ዕቃ አቅራቢ ፋብሪካ በእሳት ሲጋይ፣ ቶዮታም የፍሬን ቫልቭ አጥቶ ሲቆም አቶ ካንባን በሕይወት ነበሩ። ካርድ እሳት አያጠፋም። ነገር ግን ያኔ ችግሩ የቱ ጋ እንዳለ ለመናገር ጭሱን ማየት ይበቃ ነበር።

ሟች እንደ እሳቸው ሳጥን ላይ የሚለጠፍ አንድ ልጅ ትተዋል። ዴንሶ የተባለው የመኪና ዕቃ አምራች ዘንድ፣ አንድ ሳጥን ላይ አሥር ያህል ባርኮድ ማንበብ የሰለቻቸው ሠራተኞች ቢያማርሩ፣ በ1994 ኪውአር ኮድ ተወለደ። አዋላጁ መሐንዲስ ማሳሂሮ ሃራ፣ ሐሳቡ የመጣላቸው ጎ የሚባለውን የጥቁርና ነጭ ጠጠር ጨዋታ ሲጫወቱ ነው። ዴንሶ የፈጠራ መብቱን ይዞ ሳለ ማንንም ክፍያ ስላልጠየቀ ልጁ ዓለምን ዞረ። አዲስ አበባም ገብቷል። አባቱ በሚቀበሩበት ሰዓት አንድ ካፌ ካሸሯ ፊት፣ እንደ አባቱ ላስቲክ ለብሶ፣ ጥጉ ተላጦ ቆሟል። ደንበኛው ቴሌብር ከፍቶ ስልኩን ያስጠጋል፤ አላነብ ይለዋል። ካሸሯ ላስቲኩ ላይ የደረቀውን ማኪያቶ በሶፍት ጠረገችና፣

«አሁን ይሞክሩት ጋሼ» አለች።